ጄነሬተሩ ናፍጣ አይጠጣም

ከሳሪስ ቃሊቲ በሚወርድ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ጉልበቴ ላይ ካርቶን ይዣለሁ። ረዳቱ ዓይኑን ጣለበት።

«ምንድን ነው ወንድሜ?»

«ሲግናል ጄነሬተር። ካሊብሬት ተደርጎ ወደ ሥራ ቦታችን እየመለስኩት ነው።»

«ጄነሬተር እንዲህ ትንሽ? በሰዓት ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል?»

«ጠብታ አይቀምስም። የሚያመነጨው መብራት ሳይሆን ሞገድ ነው፤ ማይክሮዌቭ።»

ሽንኩርት የጫኑ እናት ከኋላ ገቡበት። «ማይክሮዌቭማ ልጄም ቤት አለ። ወጥ ያሞቃል።»

«ዘመዳሞች ናቸው እትዬ። የወጡ ማሞቂያ በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ብቻ ይሠራል። ይሄኛው በአቅሙ ልክ ያዘዙትን ፍሪኩዌንሲ፣ ባዘዙት ጉልበት ያወጣል።»

«ወጥ ካላሞቀ ታዲያ ምን ይፈይዳል?»

«እርስዎ ሽንኩርቱን በምን ይመዝናሉ?»

«በሚዛን ነዋ!»

«ሚዛኑ እንዳልዋሸ በምን ያውቃሉ?»

«በድንጋዩ! ማኅተም ያለበት ድንጋይ አለኝ።»

እኔ ቀኑን ሙሉ ለማስረዳት የምደክምበትን እትዬ በአንድ ቃል ጨረሱት። ሲግናል ጄነሬተር የሞገድ ሚዛን ድንጋይ ነው። ልኩ የታወቀ ሞገድ ወደ መቀበያው ይገባል፤ መቀበያው ያነበበውን ይናገራል፤ ልዩነቱ ስህተቱ ነው። በ3 ዴሲቤል ብቻ ቢስት ጉልበቱን እጥፍ ወይም ግማሽ አድርጎ ነገረን ማለት ነው።

«ድንጋዩን ራሱን ማን ይመዝነዋል?» አለ አንድ ተማሪ።

ጎበዝ! ጉልበቱ በፓወር ሜትር ይፈተሻል፤ ፍሪኩዌንሲው ከአቶሚክ ሰዓት ጋር ይመሳከራል። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሰከንድ የሚተረጎመው በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ነው። ይህም ማይክሮዌቭ ነው።

«እና ሰዓቴን የምቆጥረው በማይክሮዌቭ ነው?»

«በእሱ ነው።»

ፊት ወንበር ላይ ያሉት አዛውንት አልጣማቸውም። «ይሄ ሁሉ የዛሬ ልጆች ነገር ነው።»

«የአቃቂ ሰው ሆነው ጋሼ? ጣሊያኖች የሠሩት የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ጣሊያን ሲወረን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚሁ ሆነው ለዓለም አቤት አሉበት። ጎረቤታችን ነፋስ ስልክስ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ጣቢያ አይደል?»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «እሱስ ልክ ነህ።»

ረዳቱ ግን አልተረታም። «ክረምት ላይ ኔትወርክ የሚጠፋው በዝናቡ ነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም!»

«ዝናብስ ይበላል፤ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን በደንብ ይበላል። ግን ዝናቡ የበላውንና መሣሪያው የሳተውን ሳትለይ በማን ላይ ትፈርዳለህ?»

ዝም አለ። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ውድ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝተን፣ ልኩን ሳናስመረምር ዓመታት እንሠራበታለን። ከዚያ በተሳሳተ ንባብ ደህናውን አንቴና እናወርዳለን፤ የታመመውን እንተወዋለን። ካሊብሬሽን ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ፣ እትዬን ያለ ማኅተም ድንጋይ ሽንኩርት እንዲሸጡለት ይጠይቃቸው።

ቃሊቲ ደርሰን ስወርድ እትዬ ካርቶኑን አስከፈቱኝና ተለጣፊውን አዩ። «ማኅተሙ ይሄ ነው? ቀኑስ አላለፈም?»

አላለፈም። እናንተ በየላብራቶሪው፣ በየጥገና ክፍሉ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ነገ ጠዋት መሣሪያችሁን ከማብራታችሁ በፊት እትዬ የጠየቁትን ጠይቁት። ቀኑ ካለፈ አትለኩበት።