አምስት ዘጠኝ

«ሃምፌስት ልሄድ ነው» ስላት ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «በሁዳዴ?» አለች።

አልፈረድኩባትም። ሃም በዚህ አገር የአሳማ ሥጋ ነው፤ ፌስት የሚለውም ድግስ ድግስ ይሸታል። ሃም የሚባሉት ፈቃድ አውጥተው ከየቤታቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች እንደሆኑ፣ ድግሱም የአሮጌ ዕቃ ገበያቸው እንደሆነ አስረዳኋት። እያመነችም እየተጠራጠረችም ሸኘችኝ። (እዚያ ስደርስ በሩ ላይ የተቀበለኝ የቤከን ሽታ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።)

የሄድኩት ለራሴ አይደለም። ድሮ ቴሌ ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያመጡት የጀርመን ሬዲዮ አላቸው፤ ያ ጣቢያ ሲይዝ አረንጓዴ ዓይኑ ሰፋ ጠበብ የሚለው። ዓይኑ ጠፋባቸው። ብጣሽ ወረቀት ላይ የዓይኑን አምፖል ስም «ኢኤም 80» ብለው ጻፉልኝና «አሜሪካኖቹ 6ቢአር5 ይሉታል፤ እንዳያታልሉህ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የእርሻ ትርኢት ሜዳ ነው። ገና ሳይነጋ፣ በመጋቢት ብርድ፣ ሰዉ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ በተከፈቱ መኪኖች ኋላ እየዞረ ያጎነብሳል። እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ዕቃ ማጣጣል ከእናቴ ጋር እየዞርኩ የተማርኩት ሙያ ነው። ግን እዚህ ሙያዬን የምሠራበት ቦታ አጣሁ። ሻጮቹ ቀድመውኛል። አንዱ ዕቃ ላይ «ባለፈው ጊዜ ይሠራ ነበር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሌላው ላይ «ያጨሳል»። አንዱ ላይ ደግሞ «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ 2 ዶላር»። ኦርጅናል ነው ብሎ የሚምል ሰው በሌለበት ገበያ እንዴት ተደርጎ ነው የሚከራከሩት?

የመስታወት አምፖሎቹን ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ጋ ነው። ኮፍያቸው ላይ ስማቸው ሳይሆን የጥሪ ስማቸው ተጠልፏል፤ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፣ እንደ መኪና ታርጋ። እዚያ ሜዳ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ታርጋቸውን ይነግሩሃል፤ ስማቸው ትዝ ካላቸው ኋላ ይመጣል።

«ከየት ነህ?» አሉኝ።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ ከመልሴ በኋላ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። ወይ ረሃቡ ነው፣ ወይ ሯጮቹ፣ ወይ «እንጀራ እወዳለሁ»። «ከኢትዮጵያ» አልኩ፣ ለሦስቱም ተዘጋጅቼ።

«ኢ ቲ!» ብለው ጮኹ።

ኢ ቲ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የስፒልበርግ ፊልም ላይ ያለው፣ አንገቱ የሚረዝም፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። በኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ለዓመታት «ኤሊያን» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝና ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም። ሽማግሌው ግን እኔን እያዩ አይደለም። ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። ያ ፍጡርም ከቤት ውስጥ ኮተት ሬዲዮ ሠርቶ ነው አገሩ የደወለው፤ ከእነዚህ ሰዎች መሀል ቢገኝ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

ነገሩ ሲገለጥ፣ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የጥሪ ስም የሚጀምረው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ነው። ሽማግሌው ከካርቶኑ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1967 ከአስመራ፣ ከቃኘው ጣቢያ የተላከላቸውን ፖስታ ካርድ ነበር። ሃሞች በአየር ላይ ሲገናኙ «በርግጥ ተነጋግረናል» የሚል ካርድ ይላላካሉ። ሰዓቱ በግሪኒች 18:20 ይላል። በእኛ ከምሽቱ 3:20 መሆኑ ነው።

«ይኼ ለናንተ ነው የሚቆጠረው» አሉኝ።

«ምኑ?»

«አስመራ ናታ! እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 1962 የተገናኘሃት ለኤርትራ ትቆጠራለች። ከሜይ 24 ቀን 1991 ወዲህ ያለውም ለኤርትራ። በመሀሉ ያለው በሙሉ ለኢትዮጵያ!»

የሃሞቹ የአገሮች ዝርዝር ላይ በግርጌ ማስታወሻ የተጻፈ ነው አሉ። ዝርዝሩ 340 «አገር» አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት 193 ላይ ቆሟል። ስንት ደም የፈሰሰበትንና ስንት ወዳጅነት ያፈረሰውን ጉዳይ በሁለት ቀኖች ቆርጠው አስቀምጠውታል። «ይህን እኛ ሰፈር ካፌ መጥተው እንዳያነሱት» አልኳቸው። («ዩ» ነው ያልኩት፤ በልቤ ግን እርስዎ ነበር።)

ከዚያ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። «ኑ፣ ኢ ቲ መጥቷል!» አራት ሽማግሌዎች ቡናቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። አንድ በአንድ ጨበጡኝና አንድ በአንድ «አምስት ዘጠኝ!» አሉኝ። የሚጨምሩበት ቃል የለም። የሬዲዮ ጣቢያ እንደሌለኝ ስነግራቸው፣ ዳዊት መድገም የማይችል ቄስ እንዳዩ ሁሉ ፊታቸው ወደቀ። አንደኛው ተስፋ አልቆረጠም። አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ያለውን የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ በየትኛው ሰዓት ቢጠራው እንደሚያገኘው ጠየቀኝ። በዚያ በር ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! ፓስቲ የሚሸጥበትን ጥግ ብጠየቅ እነግረው ነበር።

«አምስት ዘጠኝ ምንድን ነው?» አልኩ ሲበተኑ።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚለይ ከ1 እስከ 5 ይለካል፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚበረታ ከ1 እስከ 9። አምስት ዘጠኝ ማለት ጥርት ብለህ፣ በርትተህ ትሰማለህ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲገናኙ መጀመሪያ የሚባባሉት።

«ሁልጊዜ ይሰማል ማለት ነው?»

«ኧረ አይሰማም! ‘አምስት ዘጠኝ ነህ፤ እባክህ ስምህን ድገምልኝ’ ነው የምንለው።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ?»

ሽማግሌው አምፖሉን ከነመያዣው አስቀመጡና አዩኝ። «ምን ልበለው? ስንት ሰዓት ስጠራው አምሽቼ፣ በመጨረሻ መልሶልኝ፣ ሁለት ሦስት ልበለው?»

እነዚህ ሰዎች 2 ዶላር የማያወጣ ዕቃ ላይ «ያጨሳል» ብለው የሚጽፉ ናቸው። ለዕቃ አይዋሹም፤ ለሰው ግን ይዋሻሉ። ይህ ከገባኝ በኋላ ሰዎቹን ወደድኳቸው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የኛም ነው። ባለፈው ዓመት እግሩ የተሰበረ ዘመዴን ልጠይቅ ሄድኩ። እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ልጆቹስ? ደህና። ሥራስ? ደህና። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው «ይቺ እግሬ ብቻ ትንሽ...» ያለው።

መሰናበት ላይ ግን አንገናኝም። እነሱ «ሰባ ሦስት» ይላሉ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ ማለት ነው፣ ያልቃል። እኛ «በሉ እንግዲህ»ን ተቀምጠን፣ ተነስተን፣ በሩ ላይ ቆመን፣ በመጨረሻም በመኪናው መስኮት አንገታችንን አስገብተን እንላለን።

አምፖሉ 8 ዶላር ነበር። «ደብዛዛ ነው» አሉ ራሳቸው፤ «5 ይበቃዋል»። ያለ ክርክር የተቀነሰ ዋጋ እስከ ዛሬ እንግዳ ነገር ሆኖብኛል። 8 ከፍዬ መጣሁ።

ጋሼ የዚያኑ ቀን ማታ ሰኩት። በጣም ደብዛዛ አረንጓዴ ዓይን ተከፈተ። «ብርሃን በብርሃን!» አሉ።

እኔ ቤቴ ገብቼ፣ የንጋቱ ብርድ ያመጣብኝ ጉንፋን አፍንጫዬን እንደደፈነው፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«እማዬ፣ ይሰማል?»

«በደንብ! አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የሚመስለኝ፣ የኔ ጌታ» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት። ደገምኩላት። በሦስተኛው ሰማችኝ።

«ድምፅህ ምን ሆኗል? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አልኳት።