ተነሺ

በአዳራሽ ውስጥ በተሰናዳ የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ፎቶ ለማንሳት የሚዘጋጅ ሰው ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይታወቃል። ቦታው ጠባብ፣ መኪናው ሰፊ ነውና ሰፊ ማዕዘን የሚያሳይ ሌንስ ያስፈልገዋል። ጣሪያው ላይ የተደረደረው አምፖል ሁሉ ኮፈኑ ላይ እንዳይታይ ፖላራይዘር ፊልተር ይገጥማል። ብርሃኑ ስለሚያንስ አይኤስኦውን ከፍ ያደርጋል፤ ፍላሹን ያጠፋል (ጥቁር መኪና ላይ ፍላሽ ያበራ ሰው ያነሳው መኪናውን ሳይሆን ፍላሹን ነው)። ትርፍ ባትሪም ይይዛል። ይህን ሁሉ አሟልቶ ሚሊኒየም አዳራሽም ይሁን መስቀል አደባባይ ኤግዚቢሽን ማዕከል ሲገባ የሚጠብቀው ችግር ግን የሌንስም የመብራትም አይደለም። ችግሩ ክርኑን የፊት በሩ ላይ አስደግፎ፣ አንድ እግሩን አጥፎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ፖላራይዘር ከቀለምና ከመስታወት ላይ ነጸብራቅ ያነሳል፤ ካልተቀባ ብረት ላይ አይሠራም፤ ሰው ላይማ ጭራሽ።

የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ በእኛ ፎቶ ውስጥ ዕቃ የለም፤ የሰው መደገፊያ እንጂ። ማስረጃው በየኪሳችን አለ። መኪና የተጋደመ ነገር ነው፤ ሰው የቆመ። መኪና ለማንሳት ስልኩም መጋደም ነበረበት። አዳራሹ ውስጥ የተዘረጉት ስልኮች ግን እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው ነው የሚታዩት፤ ውጤቱም ከአናቱ እስከ ጫማው የተሟላ ሰውና አንድ ጎማ ነው። ከፎቶ አንሺው ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ በየስቱዲዮው እጅ የሚያርፍበት ወንበር ነበረ፤ ዛሬ የወንበሩን ሥራ መኪናው ይዞታል። ይህን ያመጣው የአዳራሹ መጨናነቅ ነው የሚል ካለ ደግሞ ጉባን ይመልከት። ጉባ ቦታ አይጠብም። እዚያ ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ርዝመቱ 1,780 ሜትር፣ ከፍታው 145 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ፎቶ ግን ቆብና አንጸባራቂ ሰደርያ ያደረገ፣ ሁለት ጣቱን የቀሰረ ሰው ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከስልኩ ሁለት ሜትር ላይ ቢቆም፣ ከዚያው ስልክ 170 ሜትር የሚርቀው ግንብ ከእሱ እኩል ሆኖ ይታያል። ርዝመቱን በትከሻው ለመከለል ግን ከግድቡ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ ይኖርበታል። ግድቡ እስካሁን በፎቶ ላይ ብቅ የሚለው፣ ያን ያህል የሚታገስ ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሰዉ ብቻ አይመስለኝም፤ የግሡም ነው። ፈረንጅ ፎቶ ይወስዳል፤ አማርኛ ያነሳል። የሚነሳ ደግሞ ወይ ተቀምጦ የነበረ ነው ወይ ተኝቶ የነበረ። ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ከሥልጣን ይነሳል። አቧራ ይነሳል፣ ጥያቄ ይነሳል፣ ቆሻሻ ይነሳል፤ በሌለበት ስሙ የሚነሳም አለ። «ፎቶ ተነሳ» ስንል እንግዲህ ባለጉዳዩ ለክብሩ ብድግ ያለ ይመስላል። መኪና ግን እንዴት ይነሳል? «መኪናው ተነሳ» ከተባለ ባትሪው ደክሞ፣ ሰፈርተኛው ገፍቶት፣ በመከራ ሞተሩ ሠራ ማለት ነው፤ «አልነሳ አለ» ከተባለም ፎቶ ጠልቶ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ይህችም ቀርታበታለች፤ ድምፅ ስለሌለው መነሳቱን የሚያውቀው ከኋላው የቆመ ሰው ነው፤ እሱም ዘግይቶ። አውቶቡስ ከመናኸሪያ ይነሳል። 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው የኃይል መስመርም ከጉባ ተነስቶ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያነሳ ቋንቋ ለመኪና ፎቶ የሚሆን ሌላ ግሥ ማጣቱ ይገርማል። «ቀረጸ» አለ ትሉኝ ይሆናል፤ ቀረጸ የቪዲዮ ነው። «ሣለ» አለ፤ ሣለ የሠዓሊ ነው።

ከዚሁ ግሥ የተወለደ አንድ ስም አለ፤ እሱ ጋ ስደርስ ጨዋታው ይጠፋኛል። ተነሺ። በአዳራሹ ውስጥ ተነሺ ማለት ፎቶ የሚነሳው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ውስጥ ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታውን የለቀቀ ሰው ነው። ጉባ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ እንዲተኛ፣ በዓባይ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ወርቅ ሲያጥቡና ሲያርሱ የኖሩ፣ አብዛኞቹ ጉሙዝ የሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሱ። ተነሱ፤ በየስልካችን ባለው የጉባ ፎቶ ውስጥ ግን አልተነሱም። ግድቡ ባይሠራ ይሻል ነበር የሚል ክርክር የለኝም፤ ይህን የምጽፈውም በመብራት ነው። ግን «ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ነው» እያለ መኪናውንም ግድቡንም የሚሸፍንብን ሕዝብ የትኛውን ሰው ማለቱ ነው? ጠዋት መጥቶ ማታ ለሚመለሰው ተነሺ ሙሉ ስክሪን እየተሰጠ፣ ላይመለስ ለተነሳው የጠርዝ ቦታ እንኳ መጥፋቱ ያበሽቃል። ፎቶ አንሺ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ከፍሬሙ ምን እንደሚያስወጣ ነው ይባላል፤ ይህንን ማንም ሳያስተምረን እንችልበታለን።

የመኪና ነገር ጀምሬ ሐይቅ ገባሁ። ወደ አዳራሹ ስመለስ የሚጠብቁኝ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዱም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው፣ ሰው መኪናውን ካልገዛ ፎቶውን እንኳ ይውሰድ የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ የኤሌክትሪኩ ቀረጥ ቢቀልለትም፣ ለአብዛኛው ጎብኚ ከመኪናው የሚደርሰው ድርሻ ያው የበሩ መደገፊያ ነው። ይህን ተቃውሞ መመለስ አልችልም፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በውጭ አገርም መኪና ፊት ሰው ይቆማል ይባላል። እውነት ነው፤ በ1905 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውን የጄኔቫውን ትርዒት ጨምሮ በየኤግዚቢሽኑ ቆነጃጅት መኪና አጠገብ የሚቆሙበት ረጅም ዘመን ነበር። ልዩነቱ እነሱ ለመቆም ይከፈላቸው ነበር፤ እኛ የመግቢያ ከፍለን እንቆማለን። ሦስተኛው የባለሙያ ተቃውሞ ነው፦ ሰው ከሌለ የነገሩ ግዝፈት አይለካም። ይህም ደህና ነበር፤ ለመለኪያ የሚቆመው ግን ከሚለካው ነገር አጠገብ ነው እንጂ ካሜራው አፍንጫ ሥር አይደለም።

የቴክኒክ መፍትሔ አለ የሚሉም አሉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ፣ በየተወሰነ ሰከንዱ ደጋግሞ አንስቶ፣ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ማዋሃድ። የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይጠፋል፤ የቆመ ብቻ ይቀራል። በሰው መሀል ትራይፖድ ማቆም ሰው ማደናቀፍ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና፣ ዘዴው የሚያጠፋው ማንን ነው? በትህትና ጎንበስ ብሎ የሚያልፈውን። ተነሺው እንደሆነ ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ጥንትም እንዲሁ ነበር። በ1838 (እ.ኤ.አ.) ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ቶምፕል የሚባለውን ጎዳና ከላይ ሆኖ አነሳ። ፎቶው ብዙ ደቂቃ ስለፈጀ ጎዳናውን የሞላው ሠረገላና እግረኛ ሁሉ ከምስሉ ጠፋ። በግልጽ የቀረው ሊስትሮ ጋ ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ የነበረ ሰውዬ ነው፤ ሰው የታየበት የመጀመሪያው ፎቶ እየተባለ የሚጠራውም ይኸው ነው። ተሽከርካሪው ሁሉ ጠፍቶ ጫማ አስጠራጊው ቀረ። ከዚህ በኋላ የእኛን ሰው ብቻ መውቀስ ይከብዳል።

የቀረው ምክር እንግዲህ በሥራ ቀን፣ በሩ ሲከፈት መግባት ነው። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወለል የሚወለውሉት እናቶችና ጥበቃው ብቻ ናቸው። መኪናው ብቻውን ቆሟል፤ ከጎኑ የቻርጀሩ ገመድ ተዘርግቷል፤ ሌንሱም ፊልተሩም ተስተካክሏል። ያኔ ጥበቃው ከወዲያ ጥግ ቀስ ብሎ ይመጣል። ቆቡን ያቃናል፤ ገመዱን ረግጦ፣ ክርኑን በሩ ላይ ያሳርፋል። «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ አንሳኝ» ይላል። እንቢ አይባልም። ስልኩን ተቀብሎ ለአንዴ እንኳ አጋድሞ ማንሳት ይቻላል፤ መኪናው ከመብራት እስከ መብራት ሙሉ ይገባል። ጥበቃው ግን ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ፎቶውን ወደ ታች ይጎትታል።

«ጫማዬ አልገባም እንዴ?»