ጋሄ ወይስ አርጌ?

በደሳ ዋናው መንገድ ዳር አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ስካነር ይዤ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወደ ሱቄ የሚገባ ሰው «ጻፊልኝ» ብሎ ይጀምርና «ላኪልኝ» ብሎ ይጨርሳል። መጻፉ አያስቸግረኝም፤ ፊደል ብሳሳት አርሜ እንደገና አትማለሁ። የሚያስፈራኝ መላኩ ነው። ለምን እንደሚያስፈራኝ ለመናገር ስለ ሐጂ ማውራት አለብኝ፤ ስለ ሐጂ ለማውራት ደግሞ ከያሁ መጀመር አለብኝ።

በኮምፒውተር መልእክት መላክ የተማርኩት አሰበ ተፈሪ ነው። ዛሬ ጭሮ እንላታለን፤ የዚያን ጊዜውን ነገር ሳነሣ ግን አፌ ላይ የሚመጣው አሮጌው ስሟ ነው። 1999 ዓ.ም. ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ከበደሳ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ አርበረከቴን አልፌ አሰበ ተፈሪ እወርድና ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። ሂሳቡ በደቂቃ ስለነበር የምለውን መንገድ ላይ አሰላስዬ፣ አንዳንዴም በወረቀት ጽፌ ነው የምደርሰው። ያሁ ሜሴንጀር ሲከፈት የወዳጆቼ ስም ይደረደራል። ከስሙ አጠገብ ያለችው ክብ ፊት ቢጫ ከሆነች ሰውየው አለ፤ ከደበዘዘች የለም። አዲስ አበባ የምትማረው አብሮ አደጌ ስም አጠገብ ቢጫዋ ስትበራ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መልስ ስታዘገይብኝ «ባዝ» የምትለዋን እጫናለሁ፤ እዚያ ማዶ መስኮቷ ይንቀጠቀጣል።

የምንጻጻፈው ግን በፊደላችን አልነበረም። የግዕዝ ፊደል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ይሁን እንጂ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የተደረደሩት ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠሩ ነበሩ፤ ኤክስፒ ደግሞ የፊደላችንን ቅርጽ ይዞ አልመጣም። ቅርጹን ለብቻው ያልጫነ ሰው ዘንድ አማርኛችን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ናፍቀሽኛል»ን በላቲን እየሰባበርን ነው የምንጽፈው፤ ቃሉን አንባቢዋ ራሷ ትገምት። ማይክሮሶፍት ለፊደላችን የሠራውን ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያደረሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን «ኒያላ» አለው። ኒያላ ማለት የደጋ አጋዘን ነው፤ እዚሁ እኛ አካባቢ በቁኒ ሙክታር ተራራ መጠለያ የተከለለለት እንስሳ። ይህንን ያወቅሁ ቀን የገዛ ተራራዬ እንስሳ ስም ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ ያገኘሁት ያህል ተሰማኝ።

ሌላው ችግር በመልእክት መላኪያ ፕሮግራሞቹ መካከል ያለው አጥር ነበር። አይሲኪው በ1996፣ ያሁ በ1998፣ ኤምኤስኤን በ1999 እ.ኤ.አ. ወጡ። እያንዳንዱ የሚያገናኘው የራሱን ደንበኞች ብቻ ነበር። ያሁ ያለው ኤምኤስኤን ያለውን ማናገር ስለማይችል ሰው ሁለት ሦስት ስምና የይለፍ ቃል ይይዝ ነበር። ያሁና ኤምኤስኤን በመካከላቸው በር የከፈቱት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ኢንተርኔት ቤቱን የሚጠብቀው ወጣት ደግሞ ፒጅን የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ፣ የሁሉንም ሂሳብ አንድ መስኮት ውስጥ ሰብስቦ አሳየኝ። ከጎኔ የሚቀመጡ ጎልማሶች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ፓልቶክ ይገባሉ፤ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ስለ አገር የሚከራከሩባቸው ክፍሎች እዚያ ነበሩ። ያንን ሁሉ ድምፅ ቀጭኗ የስልክ መስመር ከባሕር ማዶ አሰበ ተፈሪ ድረስ ስታመጣ ማየት ያስደንቀኝ ነበር።

ስካይፕ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠኝ። ጅዳ የምትሠራ አክስት ነበረችኝ። የእሷ የእረፍት ቀን አርብ ነው፤ እኔ ኢንተርኔት የማገኘው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ እጽፍላታለሁ፤ አርብ ትከፍታለች፤ ምንም አታገኝም። እሷም አርብ ትጽፋለች፤ እኔ ቅዳሜ ባዶ መስኮት አያለሁ። በኋላ ነው የገባኝ። የዚያን ጊዜው ስካይፕ መልእክትን መሀል ላይ የሚያቆይ ጎተራ አልነበረውም፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ነው የሚያቀብለው። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ካልተገኙ ቃሉ የተጻፈበት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ያሁ እንዲህ አልነበረም፤ ሰውየው ባይኖርም ተቀብሎ ያቆይለታል። አክስቴ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ለሳምንታት የዘነጋኋት መስሏት አዝና ነበር። ይቅርታ የጠየቅኋት በደብዳቤ ነው።

ደብዳቤ ስል፣ ድሮ እዚህ አገር ነገር የሚላከው በሰው እጅ ነበር። ከገለምሶም ከበደሳም ቡናና ጫት ጭኖ የሚወጣ መኪና ሾፌር ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ፖስታ አይጠፋም። አባቴ ለወንድሙ ድሬዳዋ ሲልክ ፖስታውን ብቻ አይሰጥም፤ «በእጁ ስጥልኝ፤ ምን እንዳለም ንገረኝ» ይላል። ሾፌሩ ሲመለስ መኪናውን ደጃፋችን ላይ ያቆምና «ሰጥቼዋለሁ፤ አንብቦ እሺ ብሏል» ይላል። አባቴ ነገሩ አለቀ የሚለው ያኔ ነው። በልጅነቴ የሰማሁት የዚህ ነገር ቁም ነገሩ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ፣ በሐጂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሐጂ ልምጣ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው፤ የረመዳን ጾም። ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውስጥ ያለው ውሃ ቀንሶ መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነው። ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው፤ እንደ አባት የማያቸው ሰው። ልጃቸው ሚኒሶታ ይኖራል፤ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ እናቱን ለመውሰድ ጉዳይ ጀምሯል። ለዚህም የእናቱ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀቱ ያስፈልገዋል። ከዋዜማው ደውሎ «ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ጠበቃ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ» ብሏቸዋል።

ሐጂ ሱሁር በልተው፣ ሰግደው፣ ገና ሱቄን ስከፍት ደረሱ። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነው። «ልጄ፣ እስከ 3 ሰዓት ካልደረሰ ተበላሸ» አሉኝ። እኔም ከሳቸው ጋር ቸኮልኩ። ሚኒሶታ በዚያ ወቅት ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነች ቆም ብዬ አላሰብኩም። ልጁ ያለው የሱን 3 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ሙሉ ቀን በእጃችን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም።

ወረቀቱን ስካን አደረግሁ። እኔ የለመድኩት ቴሌግራም ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ቴሌግራም የስልኬን መኖር አለመኖር አይጠብቅም፤ ትልቅ ፋይልም አይከብደውም። ልጁ ያለው ግን ዋትስአፕ ነው። የዚያን ጊዜው ዋትስአፕ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የስልኩ ጥላ ነበር፤ ስልኬ ከጠፋ ኮምፒውተሩም ዝም ይላል። ኮዱን በስልኬ አንብቤ ከፈትኩት፤ ምስክር ወረቀቱን እንደ ፎቶ ጎትቼ ጣልኩና ላክሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ነበር።

መጀመሪያ ትንሿ ሰዓት ታየች፤ ኔትወርኩ እየታገለ ነው። ከዚያ አንድ ምልክት። ከዚያ ሁለት።

«ጋሄ?» አሉኝ ሐጂ። ደረሰ ወይ? ማለታቸው ነው።

«ጋሄ፣ ሐጂ።»

«አርጌ?» አሉኝ ደግመው። አየው ወይ?

ሁለቱን ምልክት ተመለከትኩና «አዎ፣ አይቶታል» አልኳቸው።

ሐሰት ነበር፤ እኔ ግን እውነት መስሎኛል። በቴሌግራም አንድ ምልክት ማለት መልእክቱ ጎተራው ገባ፣ ሁለት ምልክት ማለት ሰውየው ከፍቶ አየው ማለት ነው። ዋትስአፕ ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በዋትስአፕ ሁለት ግራጫ ምልክት ማለት ስልኩ ላይ ደረሰ ብቻ ነው፤ አየው የሚባለው ምልክቶቹ ሰማያዊ ሲሆኑ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል። ስልኩ ትራሱ አጠገብ ሆኖ መልእክቱን ተቀበለ፤ እኔ ደግሞ የስልኩን መቀበል ልጁ እንዳየው አድርጌ ለአባቱ ነገርኩ። ሐጂ መርቀውኝ፣ ወረቀቱን መልሰው ጠቅልለው፣ ጾሙን በእርጋታ ሊያሳልፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ስልኬ ከሌሊት ጀምሮ ቻርጅ ስላልነበረው እኩለ ቀን ሳይሆን ተዘጋ። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ከሱቄ ሩቅ አልነበረም፤ ሄጄ ስልኬን መሰካት እችል ነበር። ምን ሊያስቸኩለኝ? «አይቶታል» ብዬ አምኛለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከስህተቱ ይልቅ ይህ እርግጠኝነቴ ነው። ብጠራጠር ኖሮ ያን መንገድ እሻገር ነበር።

ማግሪብ ሰዓት አልፎ፣ ሰው ካፈጠረ በኋላ መብራት መጣ። ስልኬን ሰክቼ ስከፍተው የልጁ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው የተላከው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። «አሁን ነው የነቃሁት፤ ማህተሙ አይነበብም።» ቀጥሎ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪልኝ።» ቀጥሎ «የአባባ ስልክ ዝግ ነው፤ አለሽ?» ቀጥሎ «እየገባሁ ነው።» የመጨረሻው «ሌላ ቀጠሮ ያዝ ብለውኛል።»

ፎቶ ሲላክ ፕሮግራሙ መንገዱ እንዲቀለው ምስሉን ይጨምቀዋል። ለሰርግ ፎቶ ጉዳት የለውም። የተደራረበ ማህተምና ቀጭን ፊርማ ላለበት ወረቀት ግን ሞት ነው፤ ሐምራዊው ቀለም ይፈስና ጽሑፉን ይውጠዋል። ያው ወረቀት እንደ ሰነድ ቢላክ ኖሮ ሳይነካ ይደርስ ነበር። ዋናው ስካን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር፤ ማህተሙ ፍጹም የጠራ፣ መብራት የሌለው ኮምፒውተር ውስጥ።

በዚያው ምሽት ሐጂ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ቴምር አቀረቡልኝ። ከተቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስታቸው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ኸይር ነው» አሉ፤ ልጃቸውን ካዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው አውቃለሁና ቴምሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «የቱ ይሻላል?» ሲለኝ ነገሩን ዘርዝሬ ነው የምናገረው። ሰነድ በቴሌግራም ይመቻል፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፋይሉ ጎተራው ውስጥ ስለሚቆይ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ አገኘዋለሁ። ግን ያው ጎተራ የኩባንያው ነው፤ ተራው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆልፋል፤ ከ2021 ወዲህም ኮምፒውተሩ ስልኩን መጠበቅ እየተወ መጥቷል። በሰው ኮምፒውተር ከፍቶ ሳይዘጋ የሚወጣ ሰው ግን የቱንም ቢመርጥ ቤቱን ከፍቶ ነው የሄደው፤ እኔም የሰው ወረቀት ከላክሁ በኋላ ደንበኛው ፊት አጠፋለሁ። ደግሞም እነዚህ ነገሮች ዘላለማዊ አይደሉም። ኤምኤስኤን በ2013፣ ያሁ ሜሴንጀር በሐምሌ 2018፣ አይሲኪው በ2024፣ ስካይፕም በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል። የአብሮ አደጌን ቢጫ ፊት ዛሬ የማገኝበት ቦታ የለም። ሊጠፋ የማይገባውን ቃል ፍላሽ ላይም ወረቀት ላይም አስቀምጡ እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የአባቴን ሾፌር ነገር እናገራለሁ። አንድ ምልክት፣ ሁለት ምልክት፣ ሰማያዊ ምልክት፣ ሁሉም የሚናገሩት ስለ ማሽን ነው። «አንብቦ እሺ ብሏል» የሚል ምልክት የሠራ ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም። ያንን ሊናገር የሚችለው ሰውየው ራሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ የተገኘው ከኢድ በኋላ ነው። ሐጂ እንደገና መጡ፤ ሌላ ጸሐፊ መፈለግ ይችሉ ነበር፣ ወደ እኔ ግን መጡ። በዚህ ጊዜ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን አሰላነው። ምስክር ወረቀቱን በፒዲኤፍ አድርጌ፣ እንደ ሰነድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ላክሁት። ልጁ ዘንድ ነግቷል። አንድ ምልክት፣ ሁለት ምልክት።

«ጋሄ?»

«ስልኩ ላይ ደርሷል፣ ሐጂ። እሱ ገና ነው። ይቀመጡ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ አሁንም «ይጠብቁ» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ የድምፅ መልእክት ገባ፤ የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

«አባ፣ አየሁት። ማህተሙም ይነበባል፤ የእማዬ ስምም ይነበባል።»

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አሁን ጋሄ» አሉ።