ባሕር የለህም ላለኝ

«ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ንፋስ ምን አገባህ?» አለኝ አንዱ፣ አዘና ከተማ ቡና ላይ።

ያገባኛል እንጂ! ባሕር ዳር ያሉትን የሚያስጨንቃቸው ንፋስ ማጣት አይደለም፤ የነፈሰውን ማቆየት ነው። ንፋሱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ያገሣል፣ ማታ ምጣድ ሲጣድ ጭጭ ይላል። መብራት ደግሞ የሚመነጨውና የሚበላው በየሴኮንዱ እኩል ካልሆነ መስመሩ ይናወጣል። ይህ ችግር ባሕርም ደጋም አይመርጥም።

«ታዲያ ባትሪ ይግዙ!»

የገዛ ገዝቷል። ኤል ሂየሮ የምትባለው የስፔን ደሴት ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ መላ መታች። 11.5 ሜጋ ዋት የንፋስ ተርባይን ተከለች፤ ንፋሱ ሲተርፍ ውኃ በፓምፕ ወደ አሮጌ እሳተ ገሞራ አፍ ትገፋለች፣ ሲቆም ያንኑ ውኃ 650 ሜትር ገደማ ቁልቁል ለቅቃ ታመነጫለች። ባሕር የከበባት ደሴት ተራራ ላይ ሐይቅ ሠራች፤ ሐይቅ የተሰጠህ አንተ እኔን ስለ ባሕር ትጠይቀኛለህ?

«እሱማ ሐይቃችን ዘንገና አለችልን!»

ዘንገናን ተዋት! የኛ ማከማቻ ጣና ነው። የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ወለል በሦስት ሜትር ውስጥ ይቆጣጠራል፤ በዚያች ሦስት ሜትር ውስጥ 9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውኃ አለ። ከ2002 ጀምሮ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ በለስ እየወረደ 460 ሜጋ ዋት የተተከለበትን ጣቢያ ያዞራል፤ ከዚያ በኛው ጃዊ በኩል ያልፋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 74 ቢሊዮን ይይዛል።

«ይህን ሁሉ ውኃ ይዘን የንፋስ ምሰሶ መትከል ምን ይሉታል?»

አስተዋይነት ይሉታል! ግንቦት 2011ን ረሳኸው? ግልገል ጊቤ 3 የ1,870 ሜጋ ዋት ጣቢያ ነው፤ ውኃው ሲጎድል ግን አገር በፈረቃ መብራት አደረ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆመ። ተርባይን ላይ የተጻፈ ቁጥር ዝናብ አያዘንብም። የኛ ንፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዙ ሲቀጥን ነው፤ በክረምት ሲደክም ወንዙ ይሞላል። የንፋስ ጣቢያዎቹ አሸጎዳ በ120፣ አዳማ ሁለት በ153 ሜጋ ዋታቸው ሲዞሩ፣ የውኃ ጣቢያው ማመንጨቱን በደቂቃዎች ውስጥ ቀነስ ያደርጋል፤ ያልፈሰሰው ውኃ ለሚያዝያ ይቀመጣል። የገበያ እህል እየተበላ ጎተራው ሳይከፈት እንደሚቆየው ማለት ነው። ኤል ሂየሮ በፓምፕ የምትደክምበትን እኛ ውኃ ባለመልቀቅ ብቻ እናገኘዋለን። ንፋስና ውኃ እንደ ባላንጣ ሲወራባቸው የምናደደው ለዚህ ነው።

«ውኃው ካለ ይልቀቁት እንግዲህ፣ ምን ያሰስታቸዋል?»

በ1995 የጣና ወለል ወርዶ ጀልባና መርከብ ተቸግሮ ነበር። ጢስ ዓባይ ፏፏቴም ውኃው ወደ በለስ ከዞረ ወዲህ ሳስቷል። የሐይቁን ውኃ ዓሣ አስጋሪው፣ ጀልባ ቀዛፊውና መስኖ አጠጪው ሁሉ ይፈልጉታል። መሰሰትማ ግዴታ ነው፤ የሚያሳዝነኝ ለኤሌክትሪክ ብቻ ተሰስቶ ለሌላው ሲረሳ ነው።

አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ግድቡ ሞልቶ የኔ ቤት አምፖል ለምን ይጠፋል?» አሉኝ።

አያ፣ እርስዎ ከሁላችንም ይበልጥ ጠየቁ! ግድቡ ከርስዎ አምፖል የሚደርሰው በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በእንጨት ምሰሶ አልፎ ነው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወይም ምሰሶው ከወደቀ፣ 74 ቢሊዮኑ ለርስዎ ምንም ነው። ለግድብ የተዋጣውን ገንዘብ ያህል ባይሆንም፣ ለዚህች ለመጨረሻዋ መንገድ የሚበቃ ገንዘብና ሠራተኛ መመደብ አለበት። መስመር ያልደረሰበት ቀበሌ ያለ ጤና ኬላም የክትባት ማቀዝቀዣው በፀሐይና በባትሪ ሊሠራ ይችላል፤ መስመሩ እስኪመጣ ክትባት መበላሸት የለበትም።

እናንተም የአዘና ሰዎች፣ ከእንግዲህ ሹም መጥቶ ስለ ሜጋ ዋት ሲነግራችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ለሚያዝያ ስንት ውኃ ተቀምጧል? የኛን ትራንስፎርመርስ በስንት ቀን ትቀይራላችሁ?