አደይ አበባ በሞት ሸለቆ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ሞልቷል፤ በረሃ ወርዶ አበባ የሚያይ ግን ብዙም አይገኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን ቴሌቪዥኑም ፌስቡኩም ስለ ሞት ሸለቆ አበባ ብቻ ሲያወራ ሰነበተና አንድ ባለታክሲ ሚስቱንና ከጎጃም ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን አማቱን ጭኖ፣ በፓራምፕ በኩል ወደ ካሊፎርኒያ ተነሣ። ዳቦ ቆሎ ተይዟል፤ ቡናው በፔርሙስ ነው። ባለታክሲው ስልክ ላይ ደግሞ አበባ ፎቶ ሲነሣ ስሙን የሚናገር አፕ ተጭኗል። ከፍሎበታል። አማቱን ሊያስደንቅ አስቧል።

የሞት ሸለቆ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ባድዋተር የሚባለው ቦታ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያው ሸለቆ ውስጥ ፈርነስ ክሪክ ላይ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስከ ዛሬ በዓለም ሪከርድነት ተይዟል። እዚህ ምድር ላይ የወደቀ ዘር ታዲያ ቸኩሎ አይበቅልም፤ ደህና ዝናብ መጥቶ እንዳይበቅል የሚያግደውን ነገር ከላዩ እስኪያጥብለት ድረስ ዓመታትም ቢሆን ተኝቶ ይጠብቃል። በጥቅምት 2015 የወረደው ጎርፍ መንገድና ሕንጻ አበላሸ፤ ዘሩን ግን ቀሰቀሰው።

እነ ባለታክሲው ጁብሊ ፓስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ወርደው አሽፎርድ ሚል አጠገብ ሲደርሱ ሜዳው በሙሉ ቢጫ ለብሷል።

«ውይ አደይ!» አሉ አማትየው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እዚህ አገር መስከረም የሚጠባው በየካቲት ነው እንዴ?»

ባለታክሲው ስልኩን መዠረጠ። ኔትወርክ የለም። ወደ ሰማይ ከፍ አደረገው፤ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ የለም። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ የሱፍ አበባ ዘመድ ነው፤ አንድ ነው» ብሎ ሊገላገል ሞከረ።

«አንድ ነው?» አሉ። ኑግ ማሳ ውስጥ መጭ ሲያርሙ ላደጉ ሴት እንዲህ አይባልም። ኑግና መጭ ሁለቱም ቢጫ ያብባሉ፤ የሥጋ ዘመዳሞችም ናቸው፤ ግን አንዱ ዘይት ነው፣ ሌላው አረም። አማትየው ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩና አንዱን አበባ ሊቀነጥሱ እጃቸውን ሰደዱ።

«እማዬ፣ መቁረጥ ክልክል ነው!» አለች ልጃቸው፣ የብሔራዊ ፓርኩን የአበባ መግለጫ ወረቀት እያውለበለበች።

«ማን ቆረጠ? ጀርባውን ልየው ብዬ ነው።»

ዋናው ነገርም ያለው ጀርባው ላይ ነው። የሱፍ አበባ ቤተሰብ ከ20,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። አንድ አበባ የሚመስለውም ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የሠሩት ነው። ከፊት ሲታይ ሁሉም ቢጫ ስለሆነ የአሜሪካ የእጽዋት ባለሙያዎች እንኳ ተማርረው «የተረገሙ ቢጫዎች» ይሏቸዋል። አማትየው አጎንብሰው ሲያዩ አበባውን ከሥር ያቀፉት ትንንሽ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ረጃጅም ነጭ ጸጉር አላቸው፤ ግንዱም ጸጉራም ነው። ወረቀቱ ይሄንን «የበረሃ ወርቅ» ይለዋል፤ ሜዳውን ያለበሰውም እሱ ነው። ወረድ ብሎ ያለው ግን ቁጥቋጦ ነው፤ ብርማ ቅጠሉ ከታች ተከማችቶ አበባው በራቁት ዘንግ ላይ ከፍ ብሏል። ሙጫውን የስፔን ሚስዮናውያን እንደ ዕጣን ያጨሱት ነበር ብላ ልጅቷ ስታነብ፣ እናት ጠጋ ብለው አሸተቱና «የኛን ዕጣን አያህልም» ብለው ፈረዱ። ሦስተኛው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ፣ ገና ሲፈነዳ መሀሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ነው። ይህንን መለየት ለሕፃንም አይከብድ።

በመልሱ ጉዞ፣ ከፍ ካለ ጠጠራማ ቁልቁለት ላይ፣ አማትየው «አቁም!» አሉ። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጥኖ መሬት ላይ የቀረ፣ ዘንጉ ባዶ የሆነ ትንሽ ቢጫ አበባ ነው። ጀርባውን ሲያዩት ሁለት ረድፍ ቅጠል አለው፤ ውጭ ቀጫጭን፣ ውስጥ ሰፋ ያለ።

«አደይ ማለት እንዲህ ነው፤ ይሄ እንኳ የአጎቷ ልጅ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የእኛ አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናት፤ ይህ የሞሃቪ በረሃ አበባም፣ ሌፕቶሲን፣ በሳይንሱ ምድብ ከቢደንስ ጋር በአንድ ነገድ ይቆጠራል። ባለሁለት ረድፉ ጀርባም የዚያ ነገድ ምልክት ነው።

ፓራምፕ ሲደርሱ ኔትወርክ መጣ። አፑ አሰበ፣ አሰበና «የሱፍ አበባ» አለ።

«ይሄንንማ አንተም በነጻ ብለኸዋል» አሉ አማትየው።

ለማየት ያሰበ ሰው ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ቆላውን፣ ከዚያ በኋላ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ይሂድ። ውኃና ቤንዚን ሞልቶ ይያዝ፤ ስሙን የሚፈልግም ከሆነ ወረቀቱን ከጎብኚዎች ማዕከል ይውሰድ።