ቡፌ እና በሞቴ፦ የመንገደኛ ዓመት በዓል ጥናት፣ ከበደሳ መናኸሪያ

የጥናቱ መነሻ

የፈረንሳይን በዓላት ማየት ለሚፈልግ መንገደኛ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቦታ አስቀድመህ ያዝ። በኒስ ከተማ ክረምታቸው ሊወጣ ሲል የሚደረገውን ካርኒቫል ተቀምጦ ማየት የፈለገ ትኬት ይቆርጣል። እነሱ ጁላይ 14 የሚሉት፣ እኛ ሐምሌ 7 የምንለው ቀን ፓሪስ የገባ ሰው ሰልፉን ከአጥር ማዶ፣ ርችቱን አንጋጦ ያያል። ቀኑ ብሔራዊ በዓል ሆኖ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ አንጋጦ ማየት ግን ራት አይሆንም። የገና ዋዜማ ማዕዳቸው፣ ሬቬዮን የሚባለው፣ የቤተ ዘመድ ነው፤ በር ተዘግቶ ይበላል። መንገደኛው በበሩ ላይ የተሰቀለውን ጌጥ ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ይህ በሊቃውንት አነጋገር “በዓል መመልከት” ይባላል።

በደሳ ላይ በዓል ተመልክቶ የተመለሰ ሰው አልተገኘም። ይህ ጥናት የተዘጋጀው የዚህን ጉድለት ምክንያት ለመመርመር ነው።

የጥናቱ አካባቢ

በደሳ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡናና የጫት አገር ከተማ ናት። ጭሮን ትልልቅ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ፈረንሳይ ለዚህ አገር ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ፈረንሳዮች የዘረጉት ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል፤ በዚሁ ዞን ሚኤሶን ነክቶ ያልፍ ነበር። በደሳ ድረስ ለመውጣት አልደፈረም። ጨርጨርን ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም፣ ፋቡላ የተባለችውን ተውኔታቸውን ሲጽፉ የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገዋል። ፈረንጅ የሚለው ቃላችን ራሱ የመጣው ፍራንክ ከሚባለው ሕዝብ ስም ነው፤ ስለዚህ በደሳ ገበያ ውስጥ ያለፈ ነጭ ሁሉ፣ ጀርመንም ይሁን ስዊድን፣ በልጆች አፍ ፈረንሳዊ ተብሎ ነው ያለፈው።

ከፈረንሳይኛ የወረስናቸው ቃላት ለገሃርን፣ ፉርጎን እያሉ ይቀጥላሉ። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ቡፌ።

የቃላት ፍቺ

ቡፌ፦ እንግዳ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ፣ የፈለገውን፣ የፈለገውን ያህል፣ በገዛ እጁ የሚያነሣበት ሥርዓት ነው። እንግዳው ነጻ ነው። ትንሽ ቢያነሣ ምነው የሚለው የለም። ባይበላም የሚያለቅስለት የለም።

በሞቴ፦ የቡፌ ተቃራኒ ነው። የእንግዳው ፈቃድ ከግምት አይገባም። ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ አስተናጋጇ “በሞቴ!” ትላለች፤ በዚህ ሰዓት ሞታለች። በሁለተኛው “አፈር ስሆን!” ትላለች፤ ተቀብራለች። እንግዳው አሁንም እጁን ካልዘረጋ ሦስተኛው ደረጃ ይመጣል፤ “በቃ፣ ተጣላን!” ሞቶና ተቀብሮ ሲያበቃ መጣላት እንዴት እንደሚቻል የሥነ አመክንዮ ሰዎች ያልመለሱት ጥያቄ ነው። እንግዳው ግን መልሱን ሳይጠብቅ ይበላል።

ዘዴና ናሙና

ጥናቱ የተካሄደው ረቡዕ ሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የናሙናው ብዛት አንድ ሲሆን እሱም አጥኚው ነው። ናሙናው በዕጣ አልተመረጠም። ወደ ገለምሶ የተሳፈረበት ዶልፊን በደሳ መናኸሪያ ገብቶ ቆመ፤ ረዳቱም ማብራሪያ ሰጠ።

“ሾፌሩ ለአረፋ ቤቱ ገብቷል። ነገ ነው።”

“ነገ ስንት ሰዓት?”

“ነገ ነዋ!”

ቀኑ በሦስት ምክንያት ለጥናት ምቹ ነበር። አንደኛ፣ አረፋ ነው። ሁለተኛ፣ 21 ማርያም ናት፣ ያውም የሰኔዋ። ሦስተኛ፣ ረቡዕ ከመሆኑም በላይ የሐዋርያት ጾም ገብቷል፤ አጥኚው ደግሞ ይጾማል። በየግቢው በግ በሚገፈፍበት ማለዳ ሥጋ የማይበላ ሰው ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ ላይ ቆሟል። በሞቴን ለመፈተን ከዚህ የጠነከረ ሁኔታ ሆን ተብሎ ቢደገስም አይገኝም።

ምልከታ አንድ

አጥኚው ሆቴል ፍለጋ መንገዱን ይዞ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ከበራቸው ላይ አዩት። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው እጅጌውን እስከ ክርናቸው ሰብስበዋል፤ ገና ከበጉ ላይ መነሣታቸው ነው።

“ኮቱ! ና ግባ!”

“ዒድ ሙባረክ፣ ሐጂ። መንገደኛ ነኝ፤ ሾፌሩ…”

“መንገደኛ መሆንህንማ ሻንጣህ ነገረኝ። ግባ አልኩህ እኮ።”

“ጾም ነኝ፣ ሐጂ።”

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። አጥኚው የተለቀቀ መስሎት ሻንጣውን አነሣ።

“ታዲያ ጾመኛ አይቀመጥም?” አሉ።

ከተቀመጠ በኋላ ጉዳዩ ወደ ወጥ ቤት ተመራ። አዴ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ድስቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፍተው አሸተቱ፤ ቅቤ ያልነካው አልተገኘም። ትንሿ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ተላከች። ብዙ ሳይቆይ ነጠላቸውን ያደገደጉ እመቤት የሚንተከተክ የሸክላ ድስት በጨርቅ ይዘው ገቡ። የማርያምን ጠበል ጸዲቅ እያሰናዱ ነበር። “ዘይት ነው፤ የራሴ ድስት ነው፤ በማርያም፣ ቅቤ በአጠገቡ አላለፈም!” ብለው ቃላቸውን ሰጡ። አዴ በአላህ ምለው ምስክርነቱን አጸኑ። በሁለት ሃይማኖት መሐላ የተረጋገጠ ሽሮ በሌላ አገር ጥናት ላይ ተመዝግቦ አጥኚው አላነበበም።

አጥኚው በአረፋ ቀን፣ ከጥብሱ ትሪ ጎን፣ ከሐጂ በስተቀኝ፣ በክብር ወንበር ተቀምጦ ሽሮ በላ። ከዚያ በሞቴ ተጀመረ። አዴ በአንድ ወገን፣ ጎረቤቲቱ በሌላው ወገን ያጎርሱታል። የመጀመሪያውን ጉርሻ የተቀበለ ሰው ሁለተኛውን እንዲቀበል ይገደዳል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና። ሁለት አጉራሾች ባሉበት ሁለቱ አራት እንደሚሆን ቀላል ስሌት ያሳያል። አጥኚው ስሌቱን የጀመረው በአራተኛው ላይ በመሆኑ አልጠቀመውም።

ምልከታ ሁለት

አጥኚው “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ሊነሣ ሲል ጎረቤቲቱ ሻንጣውን ቀድመው ያዙት።

“ወዴት ነው? እዚህ የበላኸው የሐጂን ነው። የእኔ ገና ነው!”

“እትዬ፣ ሽሮው የእርስዎ አይደለም እንዴ?”

“ድስቱ ነው የእኔ!”

የባለቤትነት ሕጉ እንዲህ ነው። ድስት የማንም ይሁን፣ የተበላው የቤቱ ነው። በአጥሩ ማዶ ጠላ፣ ዳቦ፣ ምስር፣ ጎመንና ያው ሽሮ ቀርቦ ይጠብቃል። ጥናቱ ያልጠበቀው ነገር የታየው እዚህ ነው። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው፣ “እንኳን ለማርያም አደረሳችሁ” ብለው ተከትለው ገቡ፤ ጠላውን በሻይ ለውጠው ከአጥኚው ጋር ከአንድ ትሪ ቆረሱ።

በሐረርጌም ሆነ በሌላው አገራችን ሁለቱን ወገን በማዕድ ላይ የሚለየው ሥጋ ነው፤ ማን ባረከው ተብሎ ይጠየቃል። በፋሲካ ጎረቤቲቱ ለሐጂ ቤት ዶሮ የሚሰጡት ከነነፍሱ ነው፤ ሐጂ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል። ሽሮን ግን ያረደው የለም። ስለዚህ ሰዎች ከልክሎናል ብለው የሚያማርሩበት የጾም ቀን፣ በበደሳ ሁለት ቤት ያለ ምንም ጥያቄ ከአንድ ትሪ የሚበላበት ቀን ሆኖ ተገኝቷል።

ትንታኔ

እንግዳው ይህን ሁሉ የሚያገኘው በምን መብት ነው? አጥኚው ሐጂን ጠየቀ። ሐጂ የአረፋ ሥጋ በሦስት እንደሚከፈል አስረዱ፤ ለቤት፣ ለዘመድ ለጎረቤት፣ ለድሃ። “እኔ ከየትኛው ነኝ?” ሲላቸው፣ “አንተማ ኢብኑ ሰቢል ነህ፤ የመንገድ ልጅ” አሉ። መንገደኛ በእስልምና ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ነው። ጎረቤቲቱም የራሳቸውን ማስረጃ አቀረቡ፤ አብርሃም እንግዳ ሳይዝ እህል አይቀምስም ነበር አሉ። በአረፋ የሚታሰበው ኢብራሂምና የጎረቤቲቱ አብርሃም አንድ ሰው መሆናቸውን ሁለቱም ቤት ያውቃል። በዚህም መሠረት አጥኚው ለአራቱ ጉርሻ ተጠያቂውን ለይቶ አግኝቷል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፈረንሳዮች ጃንዋሪ 6፣ የኛ የገና ዋዜማ በሚውልበት ቀን፣ የነገሥታት ቂጣ የሚሉትን ይቆርሳሉ። በቂጣው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ተደብቃለች፤ እሷ የደረሰችው ሰው የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ለዕለቱ ይነግሣል። በበደሳ ንግሥና በዕጣ አይደለም። ሻንጣ መያዝ ይበቃል።

የጥናቱ ውስንነት

ጥናቱ ማነጻጸሪያ የሚሆን፣ በዕለቱ ሆቴል ውስጥ ብቻውን የበላ መንገደኛ ያስፈልገው ነበር። አጥኚው ሆቴሉን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ በመንገድ ላይ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ እንዲጠጣ ተጠርቷል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የተሰበሰቡት መረጃዎች የተጻፉት ቀበቶ ተፈትቶ በመሆኑ የእጅ ጽሕፈቱ አይነበብም።

መደምደሚያና ምክር

ቡፌ እንግዳውን ነጻ ያወጣዋል፤ ብቻውንም ይተወዋል። በሞቴ ነጻነቱን ይነጥቀዋል፤ ቤተ ዘመድ ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማግኘት የሞከረ ሰው ካለ በደሳ ላይ አልተሳካለትም። በበዓል ቀን በዚያ በኩል የምታልፉ አንባብያን፣ ቦታ አስቀድሞ መያዝ አያስፈልግም፤ ተይዞላችኋል። ቁርስ ግን አትብሉ።

ሾፌሩ በማግስቱ ማለዳ መጣ። አጥኚውን ሲያየው ከወንበሩ ሥር ፌስታል አወጣ፤ “ትናንት ስላስቀረሁህ ቅር እንዳይልህ” ብሎ ትኩስ ጥብስ ሰጠው፤ ያረደውም ክርስቲያን ጎረቤቱ መሆኑን አስረዳ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው።