እንደገና «ሀ» በሉ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ፕሮጀክተሩ አልሠራ አለ። መምህሩ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ አንተ ሞክረው» አለኝ። ተነሥቼ ሁለት ቁልፍ ተጫንኩ፤ ግድግዳው በራ። ተጨበጨበልኝ። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው «ማውስ ምንድን ነው?» ይላል። ወደ ወንበሬ ተመልሼ መልሱን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፤ ማውስ የመረጃ ማስገቢያ መሣሪያ ነው። ከሥሩም አሰመርኩበት።

ይህን ስማር ሦስተኛዬ ነው። ሃይስኩል ተማርኩት፣ ቴክኒክና ሙያ ደገምኩት፣ አሁን ለዲግሪ ሠለስኩት። በ1946 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ኤኒያክ 30 ቶን ይመዝን እንደነበር ከልጄ የልደት ቀን ቀድሞ ትዝ ይለኛል።

በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ሌቭል 4 ጨርሻለሁ፤ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲንም፣ አልፌያለሁ። ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መብራት በጠፋበት ቢሮ፣ ሞባይሌን በጥርሴ ይዤ፣ የኔትወርክ ገመዱን ስምንት ሽቦዎች ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያልኩ የምደረድር ሰው ነኝ። ለደረጃ እድገት ዲግሪ ሲጠየቅ ግን ዲፕሎማዬን ታቅፌ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆምኩ። «የተማርኩት አይያዝልኝም?» አልኳት ሠራተኛዋን። «ወንድሜ፣ ዲፕሎማው ለመመዝገቢያ ነው፤ ኮርስ አያስቀንስም» አለችኝ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ጥበብ ሆኖ አገኘሁት። እውቀት እንደ ቡና ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። ሳይመረቅበት ከቡናው የሚነሣ ባለጌ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ቤት ቡናው በቀጠነ ቁጥር ዋጋው መወፈሩ ነው።

እንዲህ ያለ በጎ ልማድ በኮሌጅ ግቢ ታጥሮ መቅረት የለበትም። ዲያቆኑ ቅስና ሲቀበል ከፊደል ገበታ ይጀምር። ሊስትሮው የጫማ ሱቅ ሲከፍት በመጀመሪያ ክር ማሰር ይማር። ከሁሉም በላይ ግን ልማዱ ለትዳር ይበጃል።

በባህል ተጋብተው አሥር ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት ለመፈራረም ወረዳ ይሄዳሉ እንበል። «ሦስት ልጆች አሉን» ይላሉ። «ልጆቹ ለመመዝገቢያ ናቸው፤ ትውውቅ አያስቀንሱም» ይባላሉ። ስለዚህ ባል ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለስና ሚስቱን «ይቅርታ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» ብሎ ይጀምራል። እሷም በደንቡ መሠረት እንዳልሰማች ትሆናለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ስልክ ቁጥር መለመኛ ነው። በሁለተኛው ሽማግሌ ይላካል። አሥር ዓመት ሙሉ በየፋሲካው ፈረሰኛ ሲያጎርሱት የኖሩት አማቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው? ይጠጣል? መክረን እንነግራችኋለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላሉ። ልጆቹ የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ስለሆኑ ቅድመ ሁኔታው እስኪሟላ አያታቸው ቤት ይቆያሉ። ትንሿ ድንገት መንገድ ላይ አግኝታው «አባዬ!» ብላ ብትጮህ፣ «ገና አልደረስንም የኔ ልጅ» ይበላት። የሠርጉ ፎቶ ማስረጃ እንዳይሆን ማኅተም የለውም። በአራተኛው ዓመት የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ «ከሚከተሉት አንዷ ሚስትህ ናት፣ ምረጥ።» ሃምሳ በመቶ ያመጣ ባል ይባላል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ካላመጣ አይመረቅም። እሺ፤ ደግ ነው። መውጫው በር ላይ እውቀት መለካት ከተቻለ፣ መግቢያው በር ላይ ምን ከለከለ? ሲኦሲስ ፈተና አይደለም? የየኮርሱን ፈተና በመጀመሪያው ሳምንት ስጡኝ፤ ከወደቅሁ ከፍዬ እማራለሁ። አልጎሪዝም ይከብደኛል፣ ዲስክሪት ሒሳብ አልነካሁም፣ ኮምፓይለር ምን እንደሚሠራ በወሬ ነው የማውቀው። የመጣሁት ለእነሱ ነው። ማውሱን ግን አውቀዋለሁ። ሰው ለሚያውቀው ነገር በክሬዲት እየቆጠሩ ማስከፈል ንግድ ነው፤ ትምህርት አይደለም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ያን ማክሰኞ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ «በሚቀጥለው ኪቦርድን እናያለን፤ አንብባችሁ ኑ» አለን። በታክሲ እየተገፋሁ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩና በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ሚስቴ ከውስጥ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ይቅርታ» አልኳት፣ «ሰዓት ስንት ሆነ?»